የወንድሜ ዕብራይስጥና የይፋግ ድስት

ደሴ ላይ እህልና በርበሬ እሸጣለሁ። በርበሬ የሚሸጥ ሰው ማንንም አያምንም። በርበሬው ውስጥ የጡብ ዱቄት፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ፣ ማሩ ውስጥ ስኳር እየፈለግሁ ዕድሜዬ ሄዷል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እስከ ፎገራ ድረስ ስንቄን ታቅፌ መሄዴን ስታነቡ እንዳትታዘቡኝ ነው።

የሄድኩት ለልጄ ለኤፍሬም ነው። ሩዝ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ሆኖ ወረታ ከተመደበ ቆይቷል። እዚያው ትርንጎ የምትባል አስተማሪ ወደደ። ወላጆቿ ይፋግ አጠገብ ሸክላ ይሠራሉ። ሸክላ ሠሪ ሲባል በአገራችን ምን እንደሚወራ ታውቃላችሁ፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ከቤቱ ውኃ አይጠጣም። እኔም ስሰማ ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ልጄ የወደዳትን ልጅ በወሬ አልከለክልም ብዬ ተነሣሁ።

የልጅቱ ወላጆች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። የኤፍሬም አባት ስለሌለ፣ የአባትነቱን ወንበር የያዘው አጎቱ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይምጣ፤ መጥቶም ቤታችን እንጀራ ይቁረስ። ከዚህ በፊት ለታላቅ እህቷ የመጡት ሽማግሌዎች ለምነው፣ ተሰጥቷቸው፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጥተው ነበርና ቁስሉ አልሻረም።

አጎትየው ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ነው። ወረታ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከስልኩ ዕብራይስጥ መማር ይዟል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ውስጥ የተሸሸገ ትንቢት ይፈልጋል። መቼ ትሄዳለህ ብዬ በደወልኩ ቁጥር፣ «ምልክት እየጠበቅሁ ነው እቴ» ይለኛል። አንድ ጊዜ ምልክቱ እንቢ ነው፣ ሌላ ጊዜ እሺ ነው። እንዲህ ወዲያና ወዲህ የሚል ሚዛን ገበያ ላይ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ጣቱን ከሥር አድርጎ ነው። የወንድሜን ጣት ለማየት ሄድኩ።

ማክሰኞ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ብዙ ሰው ጠይቄ፣ ሁሉም «ክፍት ነው» ሲለኝ ደግሞ ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ተናገረ ብዬ ተጠራጥሬ፣ በማለዳ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ልጫን ቢለኝ እንቢ አልኩ። ዳቦ ቆሎና በሶዬ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ወልድያን አልፈን ጋሸና ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። የዚያ አገር ነፋስ ከጦሳ ተራራ ነፋስ ይብሳል፤ የእኛው ያንቀጠቅጣል፣ ያኛው ይገፋል። ከመንገድ ዳር ቤት አንዲት ሴት ወጥታ ለሽማግሌ ተሳፋሪዎች በርጩማ አወጣች፤ ተመልሳም የባቄላ ንፍሮ በትልቅ ሳህን አመጣች። ከየት እንደመጣን እንኳ አልጠየቀችም። ሁሉም ከበው በሉ። እኔ «ጠግቤአለሁ» ብዬ ፊቴን አዙሬ ዳቦ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ንፍሮው በጣም ይሸት ነበር፤ መልካም ሽታ።

አምሽተን ደብረ ታቦር ገባን። የመኝታ ቤቱ በር ቁልፉ አይዞርም። ባለቤትየዋ «እዚህ ማንም አይነካዎትም» አለችኝ። እንዲህ የሚሉትን ነው የምፈራው። አልጋውን እየጎተትኩ በሩ ላይ አስደግፌ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት አልጋው አልነቃነቅ አለ። እግሩ የወለሉ ጣውላ ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሯል። ብገፋ፣ ብጎትት፣ ብጸልይ እንቢ። በመጨረሻ ባለቤትየዋና ወንድሟ በመስኮት ገብተው አወጡኝ። አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም ደክሞኝ ስላየችኝ ለብ ያለ ውኃ አምጥታ አስታጠበችኝ። መናኸሪያ ደርሼ መኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ እየሮጠች መጣች። ነጠላዬን ረስቼው ነበር። አመሰገንኳትና መኪናው ሲነሣ ነጠላውን ዘርግቼ ጥለቱን መረመርኩ። የራሴው ነበር።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል ነው። ብርዱን ከላይ ትታችሁ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ደሴ ሰው ቤቱ ለመድረስ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ፎገራ ግን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ይታያል፤ ለእኔ ዓይነቱ ተጠራጣሪ የተመቸ አገር ነው። ወረታ ራሷ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙባት ናት፤ ጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ሩዝ የጫነው ጋሪ አንድ ላይ ይጮሃል። ኤፍሬም መናኸሪያ ጠብቆኝ ነበር። ከስቷል። ሳመኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «እማ፣ ጋሼ ይሄዳሉ ብለሽ ታስቢያለሽ?» ብሎ ነው።

የወንድሜ ሚስት ይታይሽ በእንቁላልና በቅቤ ያበደ ሽሮ አቀረበች። ረቡዕ መሆኑ ትዝ ብሎኝ እጄን ሰበሰብኩ።

«ሃምሳ አይደለም እንዴ» አለች ይታይሽ እየሳቀች።

እውነቷን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ጹም ቢሉት እንኳ አይፈቀድም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እንጀራውን በጣቴ አሸት አሸት ሳደርገው ደግሞ ሳልጠይቃት «ሩዝ አለበት» አለችኝ። እኛ ዘንድ ነጋዴ ጤፍ ውስጥ ሌላ ሲቀላቅል ይደብቃል፤ ፎገራ ሩዙን በአፉ ሙሉ ይናገራል። በላሁ። ልስልስ ያለ ነው፤ የወንድሜ ቤት ስለሆነም አላስፈራኝም።

ከምሳ በኋላ ጌታነህ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ከፈተ።

«እይ እቴ፣ አሌፍ የበሬ ራስ ነው። ቤት ቤት ነው። ዮድ እጅ ነው። ካፍ መዳፍ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ሥዕል ነበር። ሥዕሉን ስታነቢ ትንቢቱ ይወጣል። የእኛው ዳዊት መቶ አሥራ ስምንተኛው መዝሙር በነዚሁ ፊደላት የተከፈለ አይደል?»

«ነው» አልኩ። «ስለ ትርንጎ ምን ይላል?»

«ሸክላ ሠሪ በዕብራይስጥ ዮጼር ነው። እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር አበጀው የሚለውም ከዚያው ሥር ነው። ገባሽ? ትልቅ ሥራ ነው።»

«ባለፈው በስልክ፣ እንደ ሸክላ ዕቃ ትቀጠቅጣቸዋለህ የሚለውን ጠቅሰህ ክፉ ምልክት ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ያ ሌላ ንባብ ነው» አለ፣ መነጽሩን እያወለቀ።

ወንድሜን እወደዋለሁ። አባታችን ሲሞት ደመወዙን ለእኔ እየላከ ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን የዚያን ዕለት ዓይኑን ሳየው፣ ሌባ ሳይሆን ፈሪ መሆኑ ታየኝ። ምልክት የሚፈልግ ሰው አይመስልም ነበር፤ ምልክት ሥር የሚደበቅ ነው የሚመስለው።

ሐሙስ

ሁለተኛው ሽማግሌ የእነ ጌታነህ የንስሐ አባት አባ ገብሬ ናቸው፤ ቁሐር ሚካኤል ይኖራሉ። በባጃጅ ሄድን። ባለ ባጃጁ ከፎገራ ሰው ያልተለመደ ሒሳብ ጠየቀን ብዬ ስከራከር፣ ጌታነህ «ትክክለኛው ነው፣ አታሳፍሪኝ» አለኝ። ገበሬው ከዝናቡ በፊት መሬቱን እያረሰ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ። ኤፍሬም በክረምት ውኃው የሚደርስበትን የግድግዳ ምልክት አሳየኝ፤ ከወገቤ በላይ ነው። ደሴ ዝናብ ሲመጣ ውኃው አልፎን ወደ ቦርከና ይወርዳል። እዚህ መጥቶ ይቀመጣል፤ ሰዎቹም ተቀምጦ የሚቆይ እንግዳ ለምደው ሩዝ ይዘሩበታል።

አባ ገብሬ ቀጭን፣ ሳል ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። ጌታነህ ስለ ይስሐቅ ሚስት አጫወታቸው። የአብርሃም ሎሌ ከጕድጓዱ አጠገብ ቆሞ፣ ከእንስራዋ ውኃ የምታጠጣኝ እሷ ትሁን ብሎ ምልክት ለመነ፤ ርብቃም እንስራዋን አውርዳ አጠጣችው። እንስራው በዕብራይስጥ ካድ ይባላል፤ ሸክላ ነው። እንግዲህ ሙሽራይቱ በሸክላ ዕቃ እንደምትታወቅ አስቀድሞ ተተንብዮ ነበር።

አባ አዳመጡና «መምህርዎ ማን ነው?» አሉት።

«እ?»

«እኛ ዘንድ ትርጓሜ የሚናገር ሰው ከማን እንደሰማ ይናገራል። የኔታ እገሌ፣ እሳቸውም ከየኔታ እገሌ። እርስዎ ከማን ሰሙት?»

ጌታነህ ስልኩን አሳያቸው። አባ ስልኩን ተቀብለው ገለበጡትና መለሱለት።

«ይሁን። ነገሩ ለበጎ ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ። «ሎሌው ግን መጠጣቱን አይርሱ።»

ባለቤታቸው ጠላ ቀዳች። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከቦርሳዬ የያዝኩትን ውኃ ጠጣሁ። ትርንጎ ኤፍሬም ጠርቷት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ልትተዋወቀኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቦርሳዬን አየች፣ ጠርሙሴን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ዓይኗ ነገር አያልፈውም። ወደድኳት፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ

ወደ ይፋግ በጎንደር መንገድ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። የእነ ትርንጎ ቤት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ግቢው ውስጥ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ ጋኑ በጥላ ሥር ተደርድሮ ይደርቃል። አባትየው አቶ ፈንቴ ናቸው፤ ነጭ ለብሰው በር ላይ ጠበቁን። እናትየው ወይዘሮ ሙሉ እጃቸውን ታጥበው ቢጨርሱም ጭቃው ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም። የኔም ጥፍር ከበርበሬ ቀይ ነው። የሁለታችንን እጅ አስተያየሁ።

ወጉ እንደሚያዝዘው ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባ ገብሬ ባረኩ። ጌታነህ ተናገረ፤ ምን ልበላችሁ፣ አማረበት። ዮጼርን አመጣ፣ ርብቃንና እንስራዋን አመጣ፣ ሎሌው ምግብ ሲቀርብለት ነገሬን ሳልናገር አልበላም ማለቱን አመጣ። የአቶ ፈንቴ ዓይን እንባ አቀረረ። የእጃቸውን ሥራ እንዲህ አክብሮ የተናገረ ሰው ቤታቸው ገብቶ አያውቅም መሰለኝ። ወንድሜን በመጠርጠሬ ተጸጸትኩ።

«ሰጥተናል» አሉ አቶ ፈንቴ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥን። ኤፍሬም ተነፈሰ። ውኃና ማስታጠቢያ መጣ፤ ሞሰብ ቀረበ፤ ዶሮ ወጥ በአዲስ ድስት ከነእሳቱ መጣ። አባ ባረኩና ቆረሱ። ወይዘሮ ሙሉ ወንድሜን አዩት። እኔም አየሁት፤ የታጠበው እጁ ጉልበቱ ላይ ነው።

«እኔ እንኳ…» አለ ጌታነህ፤ «ዓርብም አይደል፣ ጾመኛ ነኝ።»

በሃምሳ። ቄሱ ፊት። የዕለቱን ዶሮ ቄሱ ባርከው ከቆረሱ በኋላ። አባ ገብሬ የቆረሱትን በእጃቸው እንደያዙ ወለሉን አዩ። ልጄ ፊቱ አመድ መሰለ። በዕብራይስጡ ጫካ ውስጥ የተደበቀው ሰው፣ ከአፉ ባመለጠችው በዚያች አንዲት ቃል ራቁቱን ወጣ።

«ወንድም ዓለም» አልኩት፤ «ሎሌው ነገሩን ከተናገረ በኋላ ምን አደረገ?»

«እሱም አብረውት የነበሩትም በሉ፣ ጠጡም» አለ ቀስ ብሎ። እጁ ግን አልተነሣም።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ እትዬ? ስንቅዎን ይዘው ነው የሚዞሩ ብላናለች ልጅቷ።»

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። አፈርኩ። ንፍሮው፣ ጠላው፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እኔ ሁሉን እኩል ነው የምጠረጥረው ብል ማን ይሰማኛል? ቦርሳውን አውርጄ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩና ቆረስኩ። እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ሁለተኛዋ ወረደች። ሦስተኛዋን ወድጄ በላሁ፤ በርበሬው ንጹሕ ነበር።

ስንነሣ ወይዘሮ ሙሉ የተረፈውን ወጥ በድስቱ እንዳለ ከድነው፣ እንጀራ ጠቅልለው ለኤፍሬም አስያዙት።

«የተሰጠ ቃል አይነሣም» አሉ ለጌታነህ። «ግን እንጀራችን ሳይቆረስ ሠርግ የለም። ይቆያል። ይህን ይውሰዱት፣ ጾምዎ ሲፈታ ይበሉታል።»

በመኪና ውስጥ ጌታነህ «ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ሲወርድ የተበላሸውን ዕቃ መልሶ…» ብሎ ሲጀምር ኤፍሬም አቋረጠው።

«ጋሼ፣ እነሱም ምልክት ይጠብቁ ነበር። ምልክቱ እርስዎ ነበሩ።»

ኤፍሬም ድስቱን ጭኑ ላይ እንደታቀፈ ወረታ ገባን።

ቅዳሜ

የደሴ መኪና በጠዋት ነው። ተነሥቼ ቦርሳዬን ሳሰናዳ ጌታነህን ጓዳ ውስጥ አገኘሁት። ድስቱ ክፍት ነው። ሲያየኝ ክዳኑን መለሰ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ለግቢው ውሻ ሊደፋው ነው ብዬ ነው። ወጥቼ ውሻውን አየሁ፤ ተርቦ ተኝቷል። ተመልሼ የወንድሜን ጣት አየሁ። ቀይ ነበር።

«ጣፈጠህ?» አልኩት።

«በልጅነቴ እናታችን ከነሱ ቤት ውኃ ጠጥቼ ብመጣ ትገርፈኝ ነበር» አለ። «ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ልጆቻቸውንም አስተማርኩ። አእምሮዬ እሺ ብሏል እቴ። እጄ ነው እንቢ ያለኝ። ለማንም አትንገሪ። ቀስ እያልኩ…»

አዘንኩለት፤ ተናደድኩም። ድስቱን አንሥቼ፣ እንጀራውን ይዤ ወጣሁና በመንገዱ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ዘረጋሁት። ቅዳሜ ነው፤ ገበያተኛው ያልፋል። ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ።

«መኪናው ይሄድብሻል» አለኝ ከውስጥ።

«ይሂድ።»

ይታይሽ ወጣች፣ አየችኝና ከጎኔ ተቀመጠች። ኤፍሬም ከአጥሩ አጠገብ ቆሟል። ጌታነህ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁን ታጥቦ መጣና ተቀመጠ፤ ቆረሰ፤ ጎረሰ። ጉሮሮውን አየሁ። የመጀመሪያዋ ለእሱም እንደቆመች አውቃለሁ።

ጎረቤታቸው አያ ሞላ ፍየል እየጎተቱ ወደ ገበያ ሲያልፉ ደረሱ። እየበሉ ሰው ሲያልፍ ዝም አይባልም። ጌታነህ ድምፁ አነሰበት።

«እንብላ አያ ሞላ።»

«ብሉ፣ ብሉ። አዲስ ድስት ነው፤ የማን ነው?» አሉ፣ ጠጋ ብለው።

ወንድሜ ስልኩን አልነካም። ዮጼርንም ካድንም አላነሣም።

«ከአማቾቻችን ቤት ነው» አለ። «ከይፋግ፣ ከነአቶ ፈንቴ።»

አያ ሞላ ድስቱን አዩ፣ ጌታነህን አዩ፣ «ቁርስ በልቻለሁ» ብለው ፍየላቸውን ጎትተው ሄዱ። ኤፍሬም ከአጥሩ ለቆ መጥቶ ከአጎቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጌታነህ አያ ሞላ እስኪታጠፉ በዓይኑ ሸኛቸው። አሁን ተነሥቶ ይገባል ብዬ ጠረጠርኩ። እሱ ግን አንዲት ሴት ቅርጫት ተሸክማ ስትመጣ ከሩቅ አያትና፣ ገና ሳትደርስ፣ ሜዳው እስኪሰማ ጮክ ብሎ «እንብላ» አላት።